የግዛቸው አርባ

የልጅ ልጄ ሰሞኑን አንድ ልማድ ይዛለች። ጠዋት ቁርሷን ሳትቀምስ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አቁማ፣ ዓይኗን ጨፍና ትቀመጣለች። ከስልኩ ውስጥ አንድ ድምፀ ለስላሳ ሰውዬ «በረዥሙ ተንፍሱ፤ ውስጣችሁ የሚላችሁን ስሙ፤ ውስጣችሁ አይዋሻችሁም» ይላል። እኔ ሶፋው ላይ ሆኜ ወደ ቤቴል የሚገቡትን ታክሲዎች ጡሩምባ በመስኮት እሰማለሁ። ባለፈው እሁድ ዓይኗን ገለጠችና «እማማ፣ አንቺ በወጣትነትሽ ውስጥሽን ትሰሚ ነበር?» አለችኝ። «እኔ እንኳን አልሰማም ነበር። እናቴ ግን ትሰማ ነበር» አልኳት። «ዋው! እና ምን ይላት ነበር?» አለች። ሻይሽ ቀዘቀዘ ብዬ አለፍኳት። በጨዋታ መሀል የሚነገር ነገር አይደለም። ከነገርኳት ደግሞ ከእንግዲህ እንደ ድሮው አታየኝም፤ በዚህ ዕድሜዬ እሷን ማጣት አልፈልግም። ስለዚህ ለወረቀት እነግረዋለሁ።

ያኔ ኮልፌ ከተማ ይባል እንጂ ግማሹ ባሕር ዛፍ ነበር። ከጦር ኃይሎች ወዲህ ሲመጡ ቤቱ እየሳሳ፣ ጭቃው እየወፈረ ይሄዳል። አውቶቡስ በአሥራ አምስት ሳንቲም መርካቶ ያደርሳል፤ እሷንም የሳሳላት በእግሩ ይነካዋል። ሀብታም የሚባለው ግቢው ውስጥ ቧንቧ ያስገባ ሰው ነው። እኛ ወጣት ሴቶቹ ቀሚሳችንን ከጉልበት በታች አድርገን ከቤት እንወጣና የአጥሩን ማዕዘን ስንታጠፍ ወገባችን ላይ ጠቅልለን እናሳጥረዋለን፤ ማታ ስንመለስ እዚያው ማዕዘን ላይ ቆመን እናወርደዋለን። ወንዶቹ ሱሪያቸው ከታች ሰፍቶ መንገድ ይጠርጋል፣ ፀጉራቸው ጎፍሮ በር ሲገቡ ጎንበስ ይላሉ። አሥራ ስምንት ማዞሪያ አካባቢ አንድ ጠጅ ቤት ነበር፤ ዛሬ ፎቅ ቆሞበታል፤ ከውስጡ የሚወጣው ዘፈን ሁሉ ስለ ፍቅር ነው። ሳክስፎኑ ሲያለቅስ ምንም ያልጎደለብን ልጆች ሆዳችን ይባባ ነበር። አንድ ጥንድ ባለ ተረከዝ ጫማ በአሥራ ሁለት ብር ገዝቼ፣ ጭቃው እንዳይነካው በእጄ ይዤው በባዶ እግሬ እስከ አስፋልቱ የሄድኩበት ቀን ትዝ ይለኛል። እንዲህ እያልኩ ቀኑን ሙሉ ብጽፍ አይሰለቸኝም፤ የሚቀጥለውን ላለመጻፍ ስል እንደሆነም አውቃለሁ።

እናቴ ዘነበች ቅቤ ነጋዴ ነበረች። በልጅነቷ ከጎጃም መጥታ፣ ኮልፌ ላይ ባል አግብታ፣ ኮልፌ ላይ ባል ቀብራ፣ ታላቅ ወንድሜን ግዛቸውንና እኔን በቅቤ አሳደገችን። ቅቤ ስትገዛ አትቀምስም። ቅጠሉን ገለጥ ታደርግና በአፍንጫዋ ጠጋ ትላለች፤ ባዕድ ነገር ከገባበት ቅጠሉን መልሳ ከድና ትሄዳለች እንጂ አትሳደብም። ሰፈሩ ግን ከአፍንጫዋ ይልቅ ልቧን ነበር የሚፈልገው። ቤቱን የሚያከራይ፣ ልጁን የሚድር፣ ሠራተኛ የሚቀጥር ሁሉ «እትዬ ዘነበች፣ እስቲ ልብሽ ምን ይላል?» ብሎ ይመጣል። መዳፏን ከግራ ጡቷ ሥር ታደርግና ዝም ትላለች። «እሺ አላለኝም» ካለች ነገሩ እዚያው ይቀራል። ጠንቋይ እንዳትመስላችሁ፤ ጠንቋይ ቤት የሄደ ሰው ደጇን እንዲረግጥ እንኳን አትወድም። ዓይኔ ተርገበገበ፣ መዳፌን በላኝ የሚሉትን ትስቅባቸዋለች። «ልቤ ነው፤ የፈጠረኝ ነው የሰጠኝ» ትላለች፤ አለቀ።

ጎረቤታችን ጋሽ ወልዴ የሰፈሩ እድር ዳኛ ነበሩ፤ ጉራጌ ናቸው፣ ማዞሪያው ጋ ሱቅ አላቸው። አንድ ጊዜ ሕፃን ልጃቸውን ትንሽ ተኮስ አድርጎት ሁሉም ጉንፋን ነው ሲል፣ እናቴ «አሁኑኑ ሐኪም ቤት» ብላ አላስቀምጥ አለቻቸው። ሐኪሙ ልጁን ካየ በኋላ «ለነገ ብላችሁ ቢሆን አታገኙትም ነበር» አላቸው። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ወልዴ እናቴ ስትገባ እድሜያቸውን ረስተው ከመቀመጫ ይነሳሉ።

ወንድሜ ግዛቸው የአሰብ መንገድ ሹፌር ነበር፤ ባለ ተሳቢ መኪና ይነዳል። በየሦስት ሳምንቱ ይመጣል፤ ሲመጣ ቤቱ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ለእናቴ ቴምር፣ ለኔ የአሰብ ሽቶ ይዞ፣ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋ ላይ ይዘረጋል። ከመጣጣም ይልቅ መጣላት ይቀናን ነበር፤ «ሙሽሪት፣ ባልሽ መሬት ይለካል እንጂ የራሱ መሬት አለው?» ይለኛል። ባሌ ሊሆን የነበረው ተፈራ የመሬት ቀያሽ ነው። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ፤ ሃያ አራት ዓመቴ፣ ለዚያ ዘመን እንደ ዘገየሁ የሚቆጠርበት ዕድሜ። ሰርጋችን ጥር ውስጥ፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ባለው እሁድ ተቆርጦ ነበር።

በገና ጾም መሀል አንድ ሰኞ፣ የግዛቸው ጓደኛ የሆነ ሹፌር መሥሪያ ቤቴ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ያሽከረክረዋል። ከሚሌ ወዲያ፣ ሐሙስ ዕለት፣ መኪናው ተገልብጦ ግዛቸው እዚያው ሞቷል። በዚያ ሙቀት አዲስ አበባ ማድረስ ስላልተቻለ ጓደኞቹ ባቲ ቤተ ክርስቲያን ቀብረውታል። ይህን ነግሮኝ ሲያበቃ «ለእናንተው ትቼዋለሁ፤ ለእናቱ የምነግርበት አንጀት የለኝም» ብሎ ሄደ። አለቀስኩ። አላለቀስኩም እንዳይባል ነው የምጽፈው፤ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ቆሜ ብዙ አለቀስኩ። ፊቴን ስታጠብ ግን የመጀመሪያው ያሰብኩት ነገር ሰርጉ ነበር።

የኛ አገር መርዶ ጊዜ እንደሚመረጥለት ሁሉም ያውቃል። ሟቹን የምናውቅ ሰዎች እየሳቅን ከእናቱ ጋር ምሳ እንበላለን፤ ዘመድ እስኪሰበሰብ፣ የታመመ እስኪድን፣ የወለደች እስክትጠነክር እንቆያለን። ከዚያ አንድ ቀን ማለዳ ተሰብስበን ሄደን እናረዳለን። ይህ ደግነት ነው፤ አሁንም ብዙ ጊዜ ደግነት ይመስለኛል። እኔ ይህን ደግነት ለራሴ ተጠቀምኩበት። ከተፈራ ጋር ሆነን ጋሽ ወልዴ ሱቅ ጓዳ ገባን። ነገርናቸው። «ነገ ማለዳ እናርዳት» አሉ።

«ሰርጉስ?» አልኩ።

«ሰርጉማ ይቆያል ልጄ። የሟች እህት ነሽ እኮ። ስድስት ወር፣ ቢበዛ ዓመት።»

«ጋሽዬ፣ ካርዱ ተበትኗል። በሬው ተገዝቷል። የተፈራ ዘመዶች ከሐረር እየመጡ ነው። እማዬም ደካማ ናት፤ ሰርጉ አልፎ፣ ዘመዶቿ ከጎጃም መጥተው ከጎኗ ሲሆኑ ብትሰማ አይሻልም?»

«እናትሽ ትሰማለች እኮ።»

«ማን ነግሯት?»

«እሷ ነጋሪ ትፈልጋለች እንዴ?» አሉ ጋሽ ወልዴ። ተፈራ መሬት መሬቱን ያያል። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ፤ ያሁኑ ለቅሶ ግን ለግዛቸው አልነበረም። በመጨረሻ እጃቸውን አወናጨፉና «እሺ። ኃጢአቱ ግን ካንቺ ጋር ነው፤ እኔ የለሁበትም» አሉኝ። ሰዎች ቢሰሙት የተፈራ ቤተሰብ ሊከዳኝ ነበር፣ ወይም ሌላ ከባድ ምክንያት ነበረኝ ብለው ያስባሉ። ምንም አልነበረኝም። ነጩን ቀሚስ መልበስ ፈልጌ ነበር። በአበባ ያጌጠ ነጭ ኦፔል ሰፈራችን ሲገባ፣ ያገቡት ጓደኞቼ ሁሉ ከየበራቸው ወጥተው እንዲያዩኝ ፈልጌ ነበር።

የዚያኑ ዕለት ቤት ስገባ እናቴ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፤ ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው ጥለቱ ወደ ላይ ሆኖ አንገቷ ላይ ተጠምጥሟል። ሦስት ቀን ገበያ እንዳልወጣች ያወቅኩት ያኔ ነው፤ ከልብስ ሰፊ ጋር ስሯሯጥ አላየኋትም።

«ግዛቸው ደህና አይደለም» አለችኝ።

«ማን አለሽ?»

«ማንም።» መዳፏን ከግራ ጡቷ ሥር አደረገች። «ከሐሙስ ጀምሮ እዚህ ጋ ድንጋይ ተቀምጦብኛል። ልጄ የለም አልማዝ።»

ሐሙስ። ያኔ ተንበርክኬ አቅፌያት ቢሆን ኖሮ ይኼ ሁሉ ባልተጻፈ። እኔ ግን ነጠላዋን ከአንገቷ ላይ ሳብኩና «ሰርጌ ሊደርስ አታሟርቺብኝ! ሰው በደስታ ቀን ነጠላ ያዘቀዝቃል?» ብዬ ጮህኩባት። እናቴ ሟርተኛ ተብላ አታውቅም። አፏን ከፍታ አየችኝ። ከዚያ ነጠላዋን ቀስ ብላ አስተካክላ ለበሰች።

መብላት ግን ተወች። ሰርጉ ሲቃረብ የጠላ ጋኑ፣ የድግሱ ሽንኩርት፣ የዘመድ ጫጫታ ቤቱን ሲሞላው እሷ ጥግ ይዛ መንገዱን ታያለች። ስለዚህ ደብዳቤ ጻፍኩ። ግዛቸው አራተኛ ክፍል ድረስ ነው የተማረው፤ ፊደሉ ወደ ቀኝ ይወድቃል። እንደሱ አድርጌ ጣልኩት። «ለውድ እናቴ፤ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። ሥራ ስለበዛብኝ ለእህቴ ሰርግ ባልደርስ እንዳትቀየሚኝ» ይላል። ከሹፌር ኪስ የወጣ እንዲመስል አጣጥፌ አሸሁት፤ ናፍጣ ስላላገኘሁ ከምድጃው ላምባ ጠብ አደረግሁበት። አነበብኩላት። ወረቀቱን ተቀብላ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

«ይኼ ላምባ ነው» አለች። «የግዛቸው ደብዳቤ ናፍጣ ናፍጣ ነው የሚለው።»

«እማዬ፣ ልብሽን የያዘው ሰይጣን ነው የምልሽ እኮ ለዚህ ነው! ዓይንሽ እያየ፣ ጆሮሽ እየሰማ፣ የልጅሽን ፊደል ከሰይጣን ሰምተሽ ልትክጂው ነው? አፍንጫሽንም ይዞታል።»

ወረቀቱን እንደገና አሸተተችው። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ላይ ጥርጣሬ አየሁ፤ በኔ ሳይሆን በራሷ ላይ። ደስ አለኝ። እንደዚያ ደስ ያለኝን ቀን ብረሳው እወድ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ጸበል ወሰድኳት። ከሆለታ መንገድ ገባ ብሎ፣ ወንዝ ዳር ያለ ነው፤ ሰባት ቀን ማለዳ ማለዳ ተመላለስን። የታኅሣሥ ውርጭ ሣሩን አንጥፎታል። በስስ አቡጀዲ ተጠቅልላ ድንጋዩ ላይ ትቆማለች፣ አጥማቂው መስቀሉን ግንባሯ ላይ አድርጎ በባልዲ ያወርድባታል። ጨዋ ሰው ነበር፤ የተነገረውን ነው ያመነው፤ የነገርኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

«ማን ነህ? ተናገር!» ይላል።

«እናቱ ነኝ» ትላለች።

«ሰይጣን የማን እናት ይሆናል! ማን ነህ? ከየት ያዝካት?»

«የግዛቸው እናት ነኝ፤ ልጄ ሞቷል።»

አጥማቂው ዞሮ ያየኛል። «በሕይወት አለ አባቴ፤ ደብዳቤም ጽፏል» እላለሁ። ሌላ ባልዲ ይወርዳል። አምስት ቀን ሙሉ እንዲህ ሆነ። በስድስተኛው ቀን ምንም አልተናገረችም። በሰባተኛው ቀን «ልጅሽ እንዴት ነው?» አላት። ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ «ደህና ነው» አለች። «ማነው ሞቷል ያለሽ?» «ልቤ ነው፤ ዋሽቶኝ ነው» አለች። በዙሪያው የቆሙት ሴቶች እልል አሉ፤ እኔም አብሬ እልል አልኩ። ቤት ገብታ አንድ ሙሉ እንጀራ በላች። «ዝም አለልኝ አልማዝዬ። አንቺ ባትኖሪ አብጄ ነበር» ብላ ጉንጬን ሳመችኝ።

ሰርጉ የፈለግሁትን ሁሉ አደረገልኝ። ኦፔሉ መጣ፣ አበባው ረገፈ፣ ጓደኞቼ በር በራቸው ላይ ቆሙ። በማግስቱ ሰኞ መልሱ እናቴ ግቢ ውስጥ፣ በእድሩ ድንኳን ተደገሰ። እኔ ሙሽራ ሆኜ ከፍ ብዬ ተቀምጬ በጣቴ እቆጥር ነበር። ሐሙስን አንድ ካልን፣ ሰርጉ ሠላሳ ዘጠነኛው ቀን ነው። መልሱ አርባኛው። ለሟች በአርባው ጸሎት ካልደረሰለት፣ ደሀ ካልበላለት፣ ነፍሱ ደጅ ትቆማለች ብለን የምናምን ሰዎች ነን። ለግዛቸው ያን ዕለት አንድ ሰው አልጸለየለትም። እናቴ በአረንጓዴ ጥለት ቀሚስ መሀል ገብታ ወገቧን ይዛ ትጨፍራለች፤ ትከሻዋ እንደ ወጣት ይንቀጠቀጣል። ሰው አጨበጨበላት። ጋሽ ወልዴ ድንኳኑን ተክለው አስረክበው አልቀመጡም፤ ወጥ አልቀመሱም፤ የድንኳኑን ገመድ ይዘው ውጭ ቆመው አየኋቸው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ አንድ ማለዳ ሄደን አረዳናት። ያን ያህል ሰው በዚያ ሰዓት ወደ አንድ ቤት ሲገባ መናገር አያስፈልግም። እናቴ ቆማ ጠበቀችን።

«ግዛቸው ነው?» አለች። ማንም አልመለሰላትም። «መቼ?» አለች። ድምፅዋ ከፍ አለ፦ «መቼ ነው የምላችሁ! ከሰርጉ በፊት ነው ከሰርጉ በኋላ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። «ባለፈው ሳምንት፤ ማክሰኞ» አልኩ።

እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። «ተመስገን! ተመስገን! ልጄ አፈር ውስጥ ሆኖ አልጨፈርኩም!» አለችና ከዚያ በኋላ ነው የወደቀችው። ሰው ሐዘኑ አእምሮዋን አዞረው አለ። እኔ ግን ገብቶኛል፤ ያኔ «በፊት ነው» ብል ልቧን እመልስላት ነበር፣ እኔን ግን ታጣኝ ነበር። ጋሽ ወልዴ ከዚያ ቀን ጀምሮ የእግዜር ሰላምታ እንጂ ሌላ ቃል ሳይሰጡኝ ሞቱ።

አርባው ከዚያ ከሐሰተኛው ማክሰኞ ተቆጠረ። ካህናት መጡ፣ ድግሱ ተበላ። በየዓመቱም ሙት ዓመቱ በዚያው ቀን ይውላል፤ እኔ ከጎኗ ቆሜ አስተናግዳለሁ። ዘመኑ ዞረ፤ ጎፈሬው ተላጨ፣ ሳክስፎኑ ዝም አለ፣ ስኳር በሰልፍ ሆነ፣ ከዚያ ደግሞ ስኳሩም ሳክስፎኑም ተመለሱ። እናቴ ግን አልተመለሰችም። የቅቤ ንግዱን ተወችው፤ ለቤት እንኳን ቅቤ ገዝታ ትመጣና «እስቲ አሽትቺልኝ፣ እኔ አፍንጫዬን አላምነውም» ትለኛለች። ሰዎች ለምደው «እትዬ ዘነበች፣ ልብሽ ምን ይላል?» ሲሏት «የኔ ልብ ዋሾ ነው፤ አልማዝን ጠይቋት» ትላለች። ይጠይቁኛል። እኔም፣ ይግረማችሁ፣ እመልስላቸው ነበር። እየቆየ «ርቦኝ ይሆን አልማዝዬ?»፣ «ይኼ ብርድ ነው ወይስ እንዲያው ነው?» ማለት ጀመረች። እውነቱን ልናገር፣ ተመቸኝ። ግቢውን ከፍለሽ አከራዪ ስላት ታከራያለች፣ ያን ዘመድ አታስገቢ ስላት በሩን ትዘጋለች። አንዲት እናት በእጄ ውስጥ እንደ ልጅ ነበረችልኝ።

ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ኖርን። ተፈራ ሞተ፣ ልጆቼ አገቡ፣ ከዚያ እኔ እንቅልፍ አጣሁ። እህል ከአፌ አልወርድ አለ። ንስሐ አባቴ «ለእግዚአብሔር ነግረሻል፤ ለበደልሻት ደግሞ ንገሪ፤ ያኔ ይለቅሻል» አሉኝ። እንዲለቀኝ ፈለግሁ። አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ ኮልፌ ሄድኩ። እናቴ በረንዳው ላይ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች። አጠገቧ ተቀመጥኩና ምንም ሳላሟሽ «እማዬ፣ ግዛቸው የሞተው ከሰርጉ በፊት ነው» አልኳት።

እጇ አልቆመም። «መቼ?»

«ሐሙስ ዕለት። ያቺ ድንጋይ ተቀመጠብኝ ያልሽኝ ሐሙስ።»

«ደብዳቤውስ?»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«ላምባ ነበር» አለች።

«ላምባ ነበር።»

ሰፌዱን መሬት አስቀመጠችው። በአውራ ጣቷ የጣቶቿን አንጓ አንድ በአንድ እየነካች ስትቆጥር አየኋት፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ቆጥራ ስትጨርስ «አርባውስ?» አለችኝ።

«መልሱ ዕለት ነው።»

«እኔ ያን ቀን ምን ሳደርግ ነበር?»

«ስትጨፍሪ ነበር።»

ከዚያ እግሯ ላይ ወድቄ አለቀስኩ። ሁሉን ነገርኳት፤ ጓዳውን፣ ነጩን ቀሚስ፣ ጸበሉን። እየተናገርኩ ስሄድ ደረቴ ላይ የነበረው ነገር ሲነሳ ይታወቀኛል፤ ያ ሁሉ ዓመት የታፈንኩበት አየር ገባልኝ። ቀና ስል እያየችኝ ነበር።

«ቀለለሽ?» አለችኝ።

«አዎ እማዬ። ይቅር በይኝ።»

መዳፏን አነሳች። ሃያ ስድስት ዓመት ያላየሁትን ነገር አደረገች፤ ከግራ ጡቷ ሥር አኖረችውና ዝም አለች። «ልቤ ‹ከቤቴ ትውጣ፤ አትመለስ› ይላል» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ይኼንንም ሰይጣን ነው በይኝ እስቲ።»

ተነሳችና ነጠላዬን አመጣችልኝ፤ ጫማዬን በሩ ጋ ወደ ውጭ አዙራ አስቀመጠችልኝ።

ሰባት ዓመት ኖረች። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ላክሁ፤ ደህና አድርጋ ታበላቸውና «ልቤን ጠይቄ እልክባችኋለሁ» ብላ ትሸኛቸዋለች፤ ልካ አታውቅም። ሰፈሩ ግን በደስታ አበደ። እትዬ ዘነበች ዳነች፣ ራሷን ችላ ገበያ ትወጣለች፣ የሰው ቅቤ በአፍንጫዋ ትመርጣለች፣ ልጅ የሚድር ሁሉ ደጇ ነው አሉ። ታክሲ ስጠብቅ የድሮ ጎረቤቶች ያገኙኝና «እናትሽን ምን አገኛት? እንዲህ አምሮባት አታውቅም እኮ!» ይሉኛል። «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ስትሞት ቀበርኳት፤ ሬሳ እንቢ አይልም።

ከሁሉ የማይወጣልኝ ግን ያባረረችኝ ዓመት ያደረገችው ተዝካር ነው። በሐሰተኛው ማክሰኞ ምትክ፣ ከእውነተኛው ሐሙስ አርባ ቆጥራ፣ ጥር ውስጥ፣ መልሴ በዋለበት ቀን ድንኳን አስተከለች። ለሃያ ስድስት ዓመት ደጅ ቆሟል ያለችውን ልጇን ልታስገባው ነው። ካህናቱ ተጠሩ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተጠራ። እኔ አልተጠራሁም። ብቀር ይሻል ነበር፤ አልቻልኩም። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ሄድኩና ከአጥሩ ሥር ከተቀመጡት ነዳያን መሀል ገብቼ ተቀመጥኩ። እናቴ ዳቦውን በመሶብ አስይዛ ራሷ በእጇ ከዳር ጀምራ ታድላለች። እኔ ጋ ስትደርስ ቆመች። እንዳወቀችኝ አውቃለሁ። ከዳቦው ቆርሳ፣ ለሌሎቹ የቆረሰችውን ያህል፣ ሳታበዛ ሳታሳንስ፣ መዳፌ ላይ አኖረችልኝ።

«የግዛቸውን ነፍስ ይማር በይ» አለችኝ።

«ይማር» አልኩ።

ከጎኔ ወደ ተቀመጠው ዓይነ ስውር አለፈች።